ጡሩንባውስ ተነፋ፣ ጆሮውስ?

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሰፈር ውስጥ ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ምን ብሎ ነው የሚነቃው? “ማን ሞተ?” ብሎ ነዋ! ሌላ ምን ሊል ይችላል! የዕድር ጡሩንባ መልእክቱ አንድ ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም።

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ አዳማ ወርጄ ያደርኩበት ሰፈር የሆነውም ይኸው ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ከአጥር ወዲያ አንድ የሚጮህ ነገር ተሰማ። ያሳደሩኝ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። የፊት ለፊት ጎረቤታቸውም እንዲሁ። “እረ ማን ይሆን?” “እኔስ መች አወቅኩ እህቴ! እኒያ አልጋ ላይ የዋሉት ሽማግሌ ይሆኑ እንዴ?” ነገሩ ሲጣራ ግን የሞተ ሰው የለም። ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ትራምፔት እየተለማመደ ኖሯል። እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ “ይሄ ልጅ አንድ ቀን በቁማችን ያስለቅሰናል” ብለው ገቡ።

ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ግን ነገር ፍለጋ ልማዴ ነውና ከቁርስ በኋላ ልጁን አስጠራሁት። ከንፈሩ ንብ የነደፈው መስሏል። ከባጃጅ ሥራ ባጠራቀማት ገንዘብ ያገለገለች ትራምፔት ከገዛ ስምንት ወር ሆኖታል።

“በቀን ስንት ሰዓት ትለማመዳለህ?”

“ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል። እሁድ እሁድ ደግሞ የነፋስ ማመንጫዎቹ ወዳሉበት ኮረብታ ወጥቼ እስኪመሽ ድረስ እነፋለሁ።”

“ምን መጫወት ነው የምትፈልገው?”

“ጃዝ።”

“ጎሽ! ታዲያ የማንን ትራምፔት ትሰማለህ?”

ትንሽ አሰብ አደረገና፣ “እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ለመስማት ጊዜ የለኝም። ልምምዱ ራሱ ጊዜዬን በላው” አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህቺ መልስ ናት። ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ “በርታ” ብሎ መሄድ ነው። ግን ልጁ ሰነፍ አይደለም። ላቡን እያፈሰሰ፣ ከንፈሩን እያቆሰለ፣ ስምንት ወር ሙሉ እዚያው የቆመ ትጉ ሰው ነው። ትጋት ያለ ጆሮ የት ያደርሳል? ጥያቄው ይሄ ነው።

እስቲ ከመሣሪያዋ እንጀምር። ፒያኖ ላይ ድመት ብትራመድም ትክክለኛ ድምፅ ይወጣል፤ ቁልፉ ተጫነ፣ አለቀ። ትራምፔት እንዲህ አይደለችም። ያሏት መጫኛዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱን አቀያይረው ቢጫኗቸው የሚገኘው ስምንት ዓይነት አያያዝ ነው። ከነዚህ ስምንት አያያዞች ግን ጥሩ ተጫዋች 30 ያህል ድምፆች ያወጣል። እንዴት? አንዱን መጫኛ እንኳ ሳይነኩ ዶ ይወጣል፣ ሶል ይወጣል፣ ላይኛው ዶ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ ሚ ይወጣል። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስኑት ጣቶች ሳይሆኑ ከንፈርና ትንፋሽ ናቸው። ከንፈርን የሚያዝዘው ደግሞ ማን ነው? ጆሮ። ድምፁን አስቀድሞ በውስጡ ያልሰማ ሰው ሶልን ፈልጎ ሲነፋ ዶ ይመጣበታል፤ ይናደዳል፤ ሲናደድ መሣሪያዋን ወደ ከንፈሩ አጥብቆ ይጫናታል፤ ከንፈሩ ደም አጥቶ ያብጣል። ልጃችን የደረሰበት ይኸው ነው። የደከመው ጉልበቱ ሳይሆን ያልታዘዘ ከንፈሩ ነው።

ይህን ነገር ከፈረንጅ መማር ያለብን እንዳይመስላችሁ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚቆጠረው ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። የዜማው ምልክቶች ተደራጁ የሚባለው ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ነው። በመካከሉ ያለውን አስሉት፤ ሺህ ዓመት ገደማ! በነዚያ ዘመናት ሁሉ ዜማው የተጓዘው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ነው። ምልክቱ ከመጣም በኋላ የዜማ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይሰማል፣ ይቀበላል፣ ይስታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቀበላል። ምልክቱ የሚያስታውሰው የሰማውን ነው፤ ያልሰማውን አያስተምረውም።

ስለ ያሬድ የሚነገረውን የትሏን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስለወጣችው። ተረቱን የምንጠቅሰው ግን ሁልጊዜ ለጽናት ብቻ ነው። “እሷ ሰባት ጊዜ ሞክራ ነው የወጣችው፣ አንተም ሞክር!” እንላለን። ያሬድ ግን ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ያደረገው ምን ነበር? አስተውሎ ማየት። ትሏ ታገለች፤ ያሬድ አስተዋለ። እኛ ከተረቱ የወሰድነው ትግሉን ብቻ ነው።

ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ ስንመጣም ታሪኩ የጆሮ ታሪክ ነው። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሲጫወት ሰሙና አርባዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። “አርባ ልጆች” የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ የብዙ ሙዚቀኞቻችን መምህር ሆነ። እንግዲህ የክቡር ዘበኛውም፣ የፖሊሱም፣ የጦር ሠራዊቱም ባንዶች ትራምፔት ወደ እኛ ጆሮ የገባበት በር ናቸው።

ከዚያ በር የወጣውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ በ1977 የወጣውን የዋልያስ ባንድ “ቼ በለው” አልበም ያዳምጥ። የትራምፔቱ ተጫዋች ዮሐንስ ተኮላ፣ የሳክስፎኑ ሞገስ ሀብቴ፣ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከውስጡ የግርማ በየነን “ሙዚቃዊ ስልት” ምረጡ። ይህን ሥራ ዛሬ በየዓለሙ ያሉ ባንዶች እየደጋገሙ ይጫወቱታል። ለምን ይመስላችኋል? ትራምፔቱ ስለጮኸ አይደለም። እንዲያውም ብዙ አይጮህም። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን ሲይዙ በአንድ ሳንባ የሚተነፍሱ ይመስላሉ፤ ይናገሩና ዝም ይላሉ፤ ዝም ሲሉ ለኦርጋኑና ለቤዙ ቦታ ይለቃሉ። ይህ የፈጣን ጣት ውጤት አይደለም። እየነፋ ጎረቤቱን የሚሰማ ሰው ውጤት ነው።

የበለጠ የሚገርመኝ ግን ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው ትራምፔት አይደለም የሚጫወተው፤ ሳክስፎን ነው። ነገር ግን ስለ መስማት ከተነሳ ያለሱ አይሆንም። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገና በልጅነቱ የጀመረ፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ የታወቀ ሰው ነው። ሽለላንና ፉከራን ሰማ፤ የፎካሪውን ጉሮሮ፣ ቁጣውን፣ መንቀጥቀጡን፣ ትንፋሽ አጥሮት የሚያቆምበትን ቦታ ሳይቀር ሰማና ሳክስፎኑ ላይ አመጣው። በኋላ የውጭ ሰዎች ሲሰሙት “ይሄማ የአሜሪካ ዘመናዊ ጃዝ ነው!” አሉ። እሱ ግን ያዳመጠው የአገሩን ፎካሪ ነበር። በ2008 ዓ.ም አረፈ፤ ድምፁ ግን እስካሁን ማንንም አይመስልም። የራሱን ድምፅ ያገኘው የሰው ድምፅ በመስማት ነው። ነገሩ ግራ ቢመስልም እውነቱ ይኸው ነው።

አሁን የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም ጥር ወር አንድ የቦስተን ትልቅ ባንድ፣ ኢይዘር ኦርኬስትራ የሚባል፣ አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለኢትዮጵያውያን ተጫወተ። ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ እንዲያ ያለ የአሜሪካ ባንድ አልመጣም ነበር። ሰዎቹ ዜማዎቻችንን ያገኙት ከድሮ ሸክላዎች ቅጂ ነው፤ እያዳመጡ፣ እየለቀሙ፣ እያቀናበሩ። ከዚያ የአዲስ አበባው ኮንሰርት አልበም ሆኖ ወጣ። እነሱ ቦስተን ላይ ተቀምጠው የሰሙትን እኛ እዚሁ ተቀምጠን ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው።

አዳማንና ከሷ ጋር የተሰለፉትን ከተሞች ተመልከቱ። ከቢሾፍቱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጋችሁ እስከ ሻሸመኔ ብትወርዱ ቅዳሜና እሁድ ሙዚቃ የሌለበት ሆቴል አታገኙም። ሠርጉ፣ ምርቃቱ፣ ስብሰባ ለመካፈል ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሰው ሌላ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ቦታ መድረኩ ላይ የምታዩት አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ያድሩ የነበሩት ስምንትና ዘጠኝ ሰው ያላቸው ባንዶች ቀስ በቀስ ሟሸሹ፤ ስድስት ሙዚቀኛ ከመክፈል አንድ ኪቦርድ መክፈል ይረክሳል። የባለሆቴሉ ሒሳብ ይገባኛል። ኪቦርዱ ላይ “ትራምፔት” የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት የሆነ ነገር ይጮሃል። አንቺሆዬን ወይም አምባሰልን ግን ጠይቁት! ትዝታ ላይ ዘፋኙ ድምፁን ሳብ አድርጎ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ የሚመልስባት ቦታ አለች። ትራምፔት በከንፈር ስለምትታዘዝ ያቺን ቦታ ታገኛታለች። ቁልፍ እየተጫኑ ያችን ቦታ ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። እኛ አድማጮችም ልዩነቱን አልጠየቅንም፤ ጥብሱ ሲመጣ አጨበጨብን።

እዚህ ላይ ወደ ልጃችን ልመለስ። እትዬ ቤት ቡና ሲፈላ ከሚመጡት ጎረቤቶች አንዱ በአንድ የጦር ክፍል ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ የኖሩ ጡረተኛ መሆናቸውን የሰማሁት በዚያው ዕለት ነው። ልጁ ስምንት ወር ሙሉ በደጃፋቸው ሲያልፍ ኖሮ አንድም ቀን አልጠየቃቸውም! እሳቸውም አልጠሩትም። ሦስታችን አንድ ላይ ቁጭ አልን።

“ስትነፋ እሰማሃለሁ” አሉት።

“እንዴት ነው ታዲያ ጋሼ?”

“ልጄ፣ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ያለችው አንድ ድምፅ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ግን ይሰማዋል፤ የሚለውን ያውቃላ። አንተ መቶ ድምፅ አለህ። ማን ሰማህ? ምን አልክ?”

ልጁ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ። እንደኔ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰውም የምትሆን ጥያቄ ናት።

ከዚያ ያዘዙለትን እነሆ፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ለሦስት ቀን ትራምፔቷን አትነካትም። አንድ ሥራ ብቻ ምረጥ፤ ከሥራውም አንዲት አጭር ሐረግ፣ አራት ምት ቤት የምትሆን። እሷኑ ባጃጅህ ውስጥም፣ ስትተኛም፣ ደጋግመህ ስማ። ከዚያ በአፍህ አንጎራጉራት፤ ትንፋሽ የሚወሰድባትን ቦታ ሳይቀር። ማንጎራጎር ካቃተህ አልሰማሃትም ማለት ነው፤ ተመለስ። ስታንጎራጉራት ሙዚቀኞቹ ማውዝፒስ የሚሏትን የአፍ ጫፏን ብቻ ይዘህ በከንፈርህ እያንዘረዘርክ ሞክራት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ትራምፔቷ የምትነሳው፤ ቀስ ብላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። አሥር ደቂቃ ነፍተህ አሥር ደቂቃ አርፍ፤ በዕረፍቱ ስማ። ከንፈር ጡንቻ ነው፤ የነፋኸውን ያህል ካላረፈ ይከዳሃል። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ በልብ የተሠራ፣ በእልህ ከተሠራ ሦስት ሰዓት ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፤ “ስልክህ ይቀዳ የለም? ራስህን ቅዳና ስማ።” ልጁ በዚያው ቀዳና ሰማ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። “እኔ ነኝ?” አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት አበው ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ሙዚቃም ነው።

ሽማግሌው ከወታደር ቤት ያመጡት ይህ ምክር በጃዙ አገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ በኦስቲን ትምህርት ቤት የነበሩ ጎረምሶች አይስክሬም ቤት ተሰብስበው የኒው ኦርሊንስ ባንድ ሸክላ ሰሙና አበዱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ኮርኔት የሚነፋው ጂሚ ማክፓርትላንድ፣ በኋላ እንዳወራው ሸክላውን ያስጀምሩና ጥቂት ምት ቤት ሰምተው ያቆሙታል፤ ያቺን ያገኟታል፤ ከዚያ መርፌውን መልሰው ቀጣዩዋን ይሰማሉ። ኖታ አልነበራቸውም። በአሥር ዓመቱ ገደማ ከአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማና ከማንቆርቆሪያ ማጥለያ ትራምፔት የሠራው ክላርክ ቴሪም በኋላ የዓለም ታላቅ ትራምፔት ተጫዋችና መምህር ሲሆን ተማሪዎቹን በሦስት ደረጃ ነበር የሚያስኬዳቸው፤ መጀመሪያ መምሰል፣ ቀጥሎ ማዋሐድ፣ በመጨረሻ መፍጠር። የኛ ሰው ሦስተኛውን ብቻ ይወዳል። “ጃዝ እኮ ነጻነት ነው፣ እንደፈለጉ መንፋት ነው” ይላችኋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።

“የኔን ጆሮ ግን ማን ይሙላው?” ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሸክላው በቀላሉ አይገኝ፣ መምህሩ ጥቂት፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ። እውነት ነው። ለዚህ ነው ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ የማልጭነው። ጡረተኛ ሙዚቀኞቻችን ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው፤ ቡና ጠርቶ የሚያናግራቸው የለም። ግን ደግሞ አዳማ ጆሮ የሚሞላ ነገር የጎደለባት ከተማ አይደለችም። አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም ያረፈባት ከተማ ናት። ከዳር እስከ ዳሯ የአርሲው፣ የቱለማው፣ የከረዩው ዜማ ይደርሳታል። ጌራርሳ አለ! ጌታቸው ሽለላን ሳክስፎን ላይ እንዳመጣው ጌራርሳን ትራምፔት ላይ ያመጣው ማን ነው? የፎካሪውን አረፋፈድ፣ የተቀባዩን ድምፅ፣ ዝምታውን፣ ቁጭ ብሎ የቀዳው የትኛው ትራምፔት ተጫዋች ነው? ይህን ስጠይቅ ሽማግሌው ልጁን ተመለከቱት፤ “አያትህ ጌራርሳ ያወርዱ አልነበር?” አሉት። “ያወርዳሉ፤ በሕይወት አሉ፣ ገጠር ናቸው” አለ። “ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድና ስማቸው!”

ነገሩ ከትራምፔትም አልፎ ያሳስበኛል። ስብሰባችንን እዩት፤ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚሰማው ሳይሆን ተራውን የሚጠብቅ ነው። ትዳራችንም፣ ክርክራችንም እንደዚያው። ሁሉም ሰው ጡሩንባ ይዟል፤ ሁሉም ይነፋል፤ ሁሉም “የሰሚ ያለህ!” ይላል። ሰሚ ከየት ይመጣል? ሁሉም ነፊ ሆኖ! ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ግን ያለ መስማት አንዲት ደቂቃ አይቆምም። ከበሮው ትራምፔቱን ካልሰማ፣ ትራምፔቱ ቤዙን ካልሰማ፣ የሚሆነው ገበያ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ አዳማ ወረድኩ። ልጁ ገና ጃዝ ተጫዋች አልሆነም፤ ብዙ ይቀረዋል። ከንፈሩ ግን ድኗል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይም አልነፋም፤ አሁን የሚነፋው ከሥራ መልስ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። አመሻሹ ላይ ከአጥር ወዲያ ቀስ ያለች፣ አንዳንዴ የምትሰበር፣ ዝም ብላ ቆይታ የምትመለስ ዜማ መጣች። ከአያቱ ስልኩ ላይ ቀድቶ ያመጣት ናት። እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቆም አሉ። ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም። ጎረቤታቸውም በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው ማን ሞተ አላሉም።

“ይቺንስ አውቃታለሁ” አሉ።

ቸር ያሰማን!